ጠማማ የሚቆርጥ ባንድሶው ከመሸጡ በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ጥያቄዎን ባጭሩ ልድገመው። አዲስ አበባ ውስጥ በግቢዎ ጥግ ባለች ትንሽ ወርክሾፕ የበርና የመስኮት ሥራ ይሠራሉ፤ ዘመድ ከአሜሪካ የላከልዎትን፣ ጭንቅላቱ እየወረደ የሚቆርጥ ያገለገለ የብረት ባንድሶው (እንደ ቀበቶ በሁለት መንኮራኩሮች ላይ የሚዞር ምላጭ ያለው መቁረጫ ማሽን) በ220/110 ትራንስፎርመር እያስነሱ ይጠቀማሉ። ምላጩ በየጥቂት ቁርጡ ከመንኮራኩሩ ይዘልብዎታል፤ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ ማለትም አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ፣ ሲቆርጡ ቁርጡ ያዘነብላል፤ በኢንች 14 ጥርስ ያላቸው ሦስት ተራ ምላጮች በአንድ ወር ውስጥ ጥርሳቸው ረግፏል፤ የማርሽ ሳጥኑም ዘይት ያንጠባጥባል። ያማከሯቸው ሰዎች ማሽኑ አልቋል፣ ሸጠው ወደ ግራይንደር ይመለሱ ብለውዎታል። የእኔን አስተያየት ይጠይቃሉ።

ከገለጹልኝ ምልክቶች ተነስቼ ስናገር፣ ማሽኑ ያለቀ አይመስለኝም፤ እንዲሸጡትም አልመክርም። እስከ 115 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ድቡልቡል ብረት የሚቆርጠውና 1638 ሚሊ ሜትር፣ በአሜሪካኖች አለካክ 64 ኢንች ተኩል፣ ርዝመት ያለው ምላጭ የሚታሰርበት ይህ ትንሽ ባንድሶው በብዙ ስም ይሸጣል፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው። ከካርቶኑ አዲስ ሲወጣ እንኳ ቀጥ አድርጎ ላይቆርጥ ይችላል፤ ዋጋው የረከሰው የመጨረሻው የማስተካከል ሥራ ለገዥው ስለተተወ ጭምር ነው። ደግነቱ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ብሎን ፈትቶ የሚያንቀሳቅሳቸው ሰው የሚጠብቁ ናቸው። ችግሩ ማስተካከያዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ መሆናቸው ነው። ምላጩ በመንኮራኩሩ ላይ የሚሄድበት መስመር ካልተስተካከለ ውጥረቱ አይጸናም፤ ውጥረቱ ካልጸና ምላጩን ግራና ቀኝ የሚይዙትን መሪ ኩሽኔታዎች ማስተካከል ትርጉም የለውም፤ መሪዎቹ ሳይስተካከሉ የሚቆረጠውን ብረት የሚያስረውን ሞርሳ በስኳድራ (በ90 ዲግሪ መለኪያ) መለካት ደግሞ የማሽኑን ጥመት ወደ ሞርሳው ማዛወር ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ወጣት ሳለሁ በተቀጠርኩበት አንድ ወርክሾፕ ሁለት ቀን ሙሉ የባንድሶውን ሞርሳ ሳጠብቅና ሳላላ ዋልኩ፤ ጠዋት ቀጥ ያለው ቁርጥ ከሰዓት በኋላ ይጣመምብኛል። በሦስተኛው ቀን በቶርኖ ላይ ያረጁ አንድ አዛውንት መጥተው፣ ምንም ሳይናገሩ በሞተሩ በኩል ያለውን መንኮራኩር በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት። ቋ ቋ አለ። መንኮራኩሩን ከሻፍቱ ጋር የሚያስረው ብሎን ላልቶ ኖሯል።

ስለዚህ ምንም ብሎን ሳይነኩ በፊት የማሽኑን ቁርጥ ያንብቡ። ቱቦላሬ ባዶ ስለሆነ ብዙ አይናገርም፤ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ድፍን አራት ማዕዘን ብረት ቢገኝ ከእርሱ አንድ ቁራጭ ይቁረጡ፤ ቁራጩን ሳይፈቱ በፊት ላይኛው ፊቱ የቱ እንደሆነ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበትና ስኳድራ ያስደግፉበት። የተቆረጠው ፊት ዝርግ ሆኖ ነገር ግን ከላይ ወደ ታች ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ምላጩ ብረቱ ለሚያርፍበት ለማሽኑ አልጋ ቀጥ ብሎ አልቆመም ማለት ነው፤ ጥፋቱ መሪዎቹ ላይ፣ አልፎ አልፎም ጭንቅላቱ በሚታጠፍበት ማጠፊያ ላይ ነው። ፊቱ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ግን ከብረቱ ጎን ጋር 90 ዲግሪ ካልሠራ፣ ጥፋቱ የሞርሳው ነው። ፊቱ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ወይም ቆልመም ካለ፣ ምላጩ በጉዞው ላይ እየተንሸራተተ ነው፤ ይህ የሚሆነው ውጥረቱ ሲያንስ፣ ጥርሱ ሲደንዝ፣ ጭነቱ ሲበዛ ወይም መሪዎቹ ከሚቆረጠው ብረት ርቀው ሲቀመጡ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ የምላጩ ጥርሶች ተራ በተራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘነበሉ ናቸው፤ አንዱ ጎን ከጠንካራ ብረት ወይም ከመሪው ጋር ተፋጭቶ ከደነዘ፣ ምላጩ ስለቱ ወደ ተረፈው ጎን ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ምላጭ በማስተካከያ ለማዳን መታገል ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሶኬቱን ነቅለው በሚታይ ቦታ ያስቀምጡት፤ ማጥፊያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም። ምላጩን ሲያወጡና ሲያስገቡ ጓንት ያድርጉ፤ ማሽኑ ሲዞር ግን ጓንት ከእጅ ይውለቅ፣ ጥርስ ጓንትን ከያዘ እጅን ይዞ ይሄዳልና። ምላጩን አውጥተው ሁለቱንም መንኮራኩሮች በነዳጅ በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉ። የብረት ፍቅፋቂ ከዘይት ጋር ተለውሶ መንኮራኩሩ ላይ ሲጋገር፣ ምላጩ በዚያች ጉብታ ላይ ባለፈ ቁጥር ይነሳና ይዘላል። ጥርሱን የምትጠርገው ትንሿ የሽቦ ብሩሽ ካለቀች ወይም ከሌለች ይተኩዋት፤ ከመዝለል ምክንያቶች አንዷ እርስዋ ናት።

ቀጥሎ የአዛውንቱን ፈተና ይድገሙ። በማርሽ ሳጥኑ የሚነዳው መንኮራኩር በሻፍቱ ላይ በቁልፍ፣ ማለትም በመሐል በምትገባ ትንሽ አራት ማዕዘን ብረት፣ እና በብሎን ይያዛል። ብሎኑ ሲላላ መንኮራኩሩ ቀስ በቀስ በሻፍቱ ላይ ወደ ውጭ ይሾልካል፤ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ከሾለከ ደግሞ ምላጩን በቦታው የሚያቆይ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አይገኝም። እኔ የእርስዎን ማሽን ሳላየው ብወራረድ በዚህ ላይ እወራረድ ነበር። መንኮራኩሩን ወደ ቦታው መልሰው ካጠበቁት በኋላ በሻፍቱ ጫፍና በመንኮራኩሩ ፊት ላይ የምታልፍ አንዲት ቀጭን የቀለም መስመር ያስምሩ፤ መስመሯ ተሰብራ ካዩዋት እንደገና መላላቱን ያለ ምንም መፍታት ያውቃሉ። ከዚያም ቀጥ ያለ ረጅም ብረት በሁለቱ መንኮራኩሮች ፊት ላይ አስደግፈው አንድ ገጽ ላይ መሆናቸውን ይመልከቱ።

ምላጩን ሲመልሱ መሪዎቹን ከነክንዳቸው ያውጧቸው፤ መሪዎቹ ካሉ ምላጩን በግድ ስለሚይዙት እውነተኛ መስመሩን ይደብቁብዎታል። ጥርሱ በሚቆርጥበት በኩል ወደ ሞተሩ አቅጣጫ መመልከት አለበት፤ በተቃራኒው ከተመለከተ ምላጩን በሁለት እጅ ይዘው ውስጡን ወደ ውጭ ይገልብጡት፣ ጥርሱ አቅጣጫውን ይለውጣል። ተገልብጦ የገባ ምላጭ የሚቆርጠው በጥርሱ ጀርባ ስለሆነ ጥርሱን ቶሎ ያጣል። በመጠኑ ከወጠሩት በኋላ ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጊያ በእጅ እየሳቡ ቢያንስ አሥር ዙር ያዙሩትና የምላጩ ጀርባ በፊተኛው መንኮራኩር ላይ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። መንኮራኩሮቹ በጀርባ በኩል ከንፈር፣ ማለትም ከፍ ያለ ጠርዝ፣ አላቸው፤ የምላጩ ጀርባ ወደ ከንፈሩ መቅረብ አለበት እንጂ እየታከከው መሄድ የለበትም። ከታከከ ከንፈሩን ይልጠዋል፣ የምላጩንም ጀርባ ያደነድነዋል፤ የደነደነው ጀርባ ይሰነጠቅና ምላጩ ይበጠሳል። ከራቀ ደግሞ ጭነት ሲመጣ ይወልቃል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከደብተር ላይ ቀጭን ክር ወረቀት ቆርጠው በምላጩና በከንፈሩ መካከል በእጅ በሚዞርበት ጊዜ ያሳልፉት። ወረቀቱ ተቆርጦ ከወጣ ምላጩ ከንፈሩን ተደግፏል፤ ተጨማድዶ ግን ሙሉውን ከወጣ መስመሩ ደህና ነው።

መስመሩን የሚቀይረው የፊተኛው መንኮራኩር ማዘንበል ነው። ከመንኮራኩሩ ተሸካሚ ጀርባ ያሉትን ማሰሪያ ብሎኖች ላላ አድርገው የማዘንበያዋን ብሎን ሩብ ዙር ብቻ ያዙሩ፤ ማሰሪያዎቹን መልሰው ያጥብቁ፣ ምላጩን እንደገና ይወጥሩ፣ እንደገና አሥር ዙር። ምላጩ ለለውጡ ወዲያውኑ መልስ አይሰጥም፤ ግማሽ ዙር በአንድ ጊዜ የሚያዞር ሰው ልኩን አልፎት ሄዶ ከዚያኛው ወገን ሲመለስ ይውላል። ትዕግሥት የሚጠይቀው የዚህ ማሽን ሥራ ይህ ነው፤ አንድ ሰዓት ቢወስድብዎት አይገረሙ።

ስለ ውጥረት ብዙ ጊዜ የምሰማው ምክር «በጣት ሲነካ ጠንከር ይበል» የሚል ነው። የጣቱ ባለቤት ልምድ ካለው ምክሩ ይሠራል፤ ለጀማሪ ግን ምንም አይናገርም። ካሊፐር ካለዎት ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። ምላጩ ሳይወጠር፣ ግን ሳይረግብ፣ የካሊፐሩን ሁለት መንጋጋ በ150 ሚሊ ሜትር ልዩነት በሁለት ትንንሽ መቆንጠጫ ምላጩ ላይ ያስሩትና ንባቡን ይያዙ፤ የካሊፐሩ ተንሸራታች መላላቱን አይርሱ። ከዚያ መወጠሪያውን ሲያዞሩ ብረቱ ራሱ ይለጠጣል። ብረት በ150 ሚሊ ሜትር ርዝመት 0.1 ሚሊ ሜትር ሲለጠጥ በውስጡ ያለው ውጥረት ወደ 140 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው፤ የምላጭ አምራቾች በኢንች ካሬ 20,000 ፓውንድ የሚሉትና ኋላ ለማነሳው ባለሁለት ብረት ምላጭ የታችኛው ልክ የሚያደርጉት መጠን ይህ ነው። ምላጩ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ስፋትና 0.65 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው፣ ይህ ማለት እያንዳንዱ የምላጩ ወገን ከመቶ ኪሎ በላይ ተጎትቷል ማለት ነው። ትንሹ ማሽን ይህን ልክ ለመድረስ ይቸገር ይሆናል፤ 0.07 ወይም 0.08 ላይ ቢቆምብዎት ይበቃዎታል፣ መወጠሪያውን በቱቦ አስረዝመው አያስገድዱት፣ ተንሸራታቹ ተሸካሚ ይሰነጠቃል። ሥራ ሲጨርሱ ማታ ያላሉት። ምላጩም ይረፍ፣ ኩሽኔታውም ይረፍ።

አሁን መሪዎቹ ይመለሱ። በየአንዳንዱ መሪ ላይ ሁለት ኩሽኔታዎች ምላጩን ከግራና ከቀኝ ይይዙታል፤ ሦስተኛው ከጀርባው ይደግፈዋል። ከሁለቱ የጎን ኩሽኔታዎች አንዱ የታሰረበት ቦኮላ፣ ማለትም ክብ ማስገቢያ ብረት፣ ቀዳዳው ሆን ተብሎ ከመሐል እንዲወጣ የተሠራ ስለሆነ፣ ቦኮላውን በቁልፍ ሲያዞሩት ኩሽኔታው ወደ ምላጩ ይጠጋል ወይም ይርቃል። ዳዶውን ላላ አድርገው ኩሽኔታው ምላጩን እስኪነካ ያዙሩትና ዳዶውን ሲያጠብቁ ቦኮላው እንዳይዞር ይያዙት፤ እዚህ ላይ ሁለት ቁልፍና ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልኩ የተገኘው ምላጩን በእጅ ሲስቡት ኩሽኔታዎቹ አብረው ሲዞሩና በጣትዎ ቢይዙዋቸው ግን ያለ ብዙ ትግል ሲቆሙ ነው። ጨርሰው የማይቆሙ ከሆነ ምላጩን ጨፍልቀውታል፤ ካልዞሩ ደግሞ መሪ የሉዎትም ማለት ነው። የጀርባው ኩሽኔታ ማሽኑ ሳይቆርጥ በወረቀት ውፍረት ያህል ይራቅ፤ መዞር ያለበት ምላጩ ብረት ላይ ሲጫን ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲዞር ከተንጎራጎረ ወይም በጥፍር ሲነካ ሸካራ ከሆነ ይለውጡት፤ በጎኑ የተጻፈውን ቁጥር ይዘው ወደ ኩሽኔታ ሻጭ ይሂዱ፣ በማሽኑ ስም አይጠይቁ።

የእርስዎ ቁርጥ የሚያዘነብለው እዚህ ላይ መስተካከል አለበት። መንኮራኩሮቹ ከአልጋው አንጻር ዘንበል ብለው ስለተቀመጡ፣ ምላጩ ለአልጋው ቀጥ ብሎ እንዲቆም የሚጠመዝዙት መሪዎቹ ናቸው። ጭንቅላቱን እስከ መጨረሻው አውርደው ትንሽ ስኳድራ አልጋው ላይ ያቁሙና ወደ ምላጩ ያስጠጉት። ስኳድራው መንካት ያለበት ከጥርሶቹ በላይ ያለውን ልሙጥ የምላጩን አካል ብቻ ነው፤ ወደ ጎን የወጣችውን ጥርስ ከነካ የውሸት ንባብ ይሰጥዎታል፤ ይህን ስህተት የሚሠሩት ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም። ከኋላ የእጅ ባትሪ ቢያበሩበት በስኳድራውና በምላጩ መካከል የምታልፈው ብርሃን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ክር መሆን አለባት። ካልሆነች መሪውን ከክንዱ ጋር የሚያስረውን ብሎን ላላ አድርገው መሪውን በጥቂቱ ያዙሩት። ልኬቱን በግራው መሪም በቀኙ መሪም አጠገብ ያድርጉት፤ አንዱ ቀጥ ሌላው ዘንበል ካለ ምላጩ በመካከላቸው እንደ ገመድ ተጠምዝዟል፣ ቁርጡም በመሐል ጠማማ ይሆናል። ክንዶቹን በመጨረሻ ወደ ሥራው አስጠጉ፦ ለ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ መሪዎቹ 150 ሚሊ ሜትር ተራርቀው መቆማቸው ብቻውን ቁርጥ ያጣምማል።

ሞርሳው ከዚህ በኋላ አጭር ሥራ ነው። የማይንቀሳቀሰውን መንጋጋ ከምላጩ ጋር በስኳድራ 90 ዲግሪ አድርገው ሁለቱንም ብሎኖቹን ያጥብቁ፤ በማሽኑ ላይ የተቀረጸውን የዲግሪ ቁጥር አይመኑት። አጭር ቁራጭ በመንጋጋው አንድ ጫፍ ብቻ ሲያዝ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ይጣመምና ብረቱን ይለቀዋል፤ በሌላኛው ጫፍ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቁራጭ ያስገቡ።

ጭነቱን የሚወስነው ጭንቅላቱን ወደ ላይ የሚስበው ሞላ ነው። ማንጠልጠያ ሚዛን ካለዎት በጭንቅላቱ ጫፍ ላይ ሰክተው አልጋውን ሊለቅ ሲል ስንት እንደሚያነብ ይዩ። የእኔ ማሽን ለድፍን ብረት ወደ አራት ኪሎ ተኩል ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ለቱቦላሬ ሞላውን ጠበቅ አድርጌ ከዚያ በጣም አሳንሰዋለሁ። ከሚዛኑ ይልቅ ግን ፍቅፋቂውን እመኑ። ትንንሽ የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ከወጣ ልኩ ላይ ነዎት፤ እንደ ዱቄት ከወጣ ጭነቱ አንሷል ወይም ጥርሱ ደንዟል፤ ሰማያዊ ሆኖ የተቃጠለ ከወጣ ፍጥነቱም ጭነቱም በዝቷል።

አሁን ሦስቱን ምላጮችዎን የገደለው ነገር ላይ ደርሰናል። በባለሙያዎች ዘንድ የቆየ ደንብ አለ፦ በማንኛውም ጊዜ ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱ ውስጥ መሆን አለበት። በኢንች 14 ጥርስ ባለው ምላጭ ላይ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.8 ሚሊ ሜትር ነው። የእርስዎ ቱቦላሬ ግድግዳ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ግድግዳው በሁለት ጥርሶች መካከል ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ምላጩ የላይኛውን ጠፍጣፋ ግድግዳ ሲቆርጥ 40 ሚሊ ሜትር ሙሉ ብረት ስለሚያገኝ ደህና ይሄዳል፤ ያንን ጨርሶ ወደ ሁለቱ የቆሙ ግድግዳዎች ሲወርድ ግን በአንድ ጊዜ የሚነካው ሁለት ቀጫጭን ጠርዞችን ብቻ ነው፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ይወድቃል፣ ጠርዙ በጥርሱ ፊት ላይ እንደ መጥረቢያ ይመታል። በዚያች ቅጽበት የሚሰማው «ጠቅ ጠቅ» የጥርስ መርገፍ ድምፅ ነው።

መፍትሔው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው በኢንች 24 ጥርስ ያለው ምላጭ ነው፤ ርቀቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ይህም ለ1.5 ሚሊ ሜትር ሦስት ጥርስ አይሞላም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ክፍል ቱቦላሬውን በጠፍጣፋ ሳይሆን በማዕዘኑ ማሰር ነው። በ45 ዲግሪ ሲቆም ምላጩ እያንዳንዱን ግድግዳ በሰያፍ ስለሚያገኘው 1.5 ሚሊ ሜትሩ ወደ 2.1 ያድጋል፤ የቆመ ግድግዳም ድንገት የሚመጣበት ጊዜ አይኖርም። ለዚህ ከ50 ሚሊ ሜትር አንጎላሬ (ኤል ቅርጽ ያለው ብረት) ሁለት አጫጭር ቁራጭ ቆርጠው፣ ጀርባቸው ላይ ጠፍጣፋ ብረት በይደው፣ ሁለቱን ክፍት ማዕዘኖች ፊት ለፊት አድርገው በሞርሳው መንጋጋዎች ላይ በብሎን ያስሯቸው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ምላጩ ማዕዘኑን ሲነካ ጭንቅላቱን በእጅዎ ይዘው ያውርዱት፤ ከአምስት ሚሊ ሜትር በኋላ ይልቀቁት። ብዙ ቱቦላሬ የሚቆርጡ ከሆነ ደግሞ በጠፍጣፋ ጎን ለጎን ደርድሮ ማሰርም ይረዳል፣ የተጣበቁት ሁለት ግድግዳዎች እንደ አንድ 3 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ይሆናሉና። ይህ 24 ጥርስ ያለው ምላጭ ግን ለድፍን ብረት አይሁን፤ በ50 ሚሊ ሜትር ብረት ውስጥ ወደ 47 ጥርስ ይገባል፣ ፍቅፋቂው መውጫ አጥቶ ጎድጓዳውን ይሞላና ምላጩን ያንሸራትተዋል። ለድፍኑ 10 ወይም 14 ጥርስ ያለውን ለብቻ ያስቀምጡ።

ከተራው የካርቦን ብረት ምላጭ ይልቅ ባለሁለት ብረት የሚባለውን እመርጣለሁ፤ ጀርባው እንደ ሞላ የሚተጣጠፍ ብረት ሲሆን ጥርሱ ኤም 42 ከሚባል፣ 8 በመቶ ኮባልት ካለው ሃይ ስፒድ ስቲል የተሠራ ነው። ዋጋው ይበልጣል፣ ዕድሜውም ይበልጣል። እዚህ ካላገኙት ተጠቅልሎ በሻንጣ የሚገባ ነገር ስለሆነ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሁለት ሦስት ቢያመጣልዎት ሸክም አይሆንበትም፤ ርዝመቱ 64 ኢንች ተኩል፣ ስፋቱ ግማሽ ኢንች ብለው ይላኩለት። ተጠቅልሎ የመጣውን ምላጭ ሲፈቱ ፊትዎን ያርቁ፤ እንደ ሞላ ፈንጠር ብሎ ይከፈታል። አዲሱን ምላጭ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቁርጦች በግማሽ ጭነት ያስጀምሩት። አዲስ ጥርስ እንደ መርፌ የሾለ ስለሆነ በሙሉ ጭነት ከጀመረ ጫፉ ይሰበራል፤ ቀስ ብሎ ከጀመረ ጫፉ ለስለስ ብሎ ይጸናል።

ፍጥነትን በተመለከተ የትራንስፎርመርዎ ጉዳይ ይመጣል። ትራንስፎርመሩ 220ን ወደ 110 ቮልት ያወርዳል፤ የአሜሪካኑን 60 ኸርዝ ግን አያመጣልዎትም፣ የእኛ መስመር 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ በደቂቃ 1725 ዙር የሚለው ሞተር እዚህ ወደ 1430 ገደማ ይዞራል፤ በፑሌጃዎቹ (ቺንጊያው በሚዞርባቸው ጎማዎች) ሦስት ደረጃዎች ላይ የተጻፉት የምላጩ ፍጥነቶች፣ በደቂቃ 24፣ 37 እና 61 ሜትርም ወደ 20፣ 30 እና 50 ሜትር ይወርዳሉ። ለምላጩ ይህ ጉዳት የለውም። ለቱቦላሬና ለተለመደው ለስላሳ ብረት መካከለኛውን፣ ለማይዝግ ብረትና ለወፍራም ድፍን ዝቅተኛውን፣ ለአሉሚኒየም ከፍተኛውን ይያዙ። የሚጎዳው ሞተሩ ነው፦ በ50 ኸርዝ ላይ ከልኩ በላይ ጅረት ስለሚስብ ይግላል፣ ማራገቢያውም ቀስ ብሎ ስለሚዞር ማቀዝቀዙ ይቀንሳል። ሞተሩ ላይ እጅዎን ለጥቂት ሰከንድ ማሳረፍ ካልቻሉ ሞተሩን ያሳርፉት። ከተቃጠለ ደግሞ ሽቦውን ለማስጠቅለል ገንዘብ አያውጡ፤ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ግማሽ የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ ወደ 1400 የሚዞር ሞተር ፈልገው ይተኩት፣ ትራንስፎርመሩም ከመሐል ይወጣል። ከመግዛትዎ በፊት የአሮጌውን ሻፍት ውፍረትና የእግሮቹን ቀዳዳዎች ርቀት ይለኩ፤ የአሜሪካኑ ሻፍት በኢንች የተሠራ ስለሆነ ፑሌጃው ላይገባ ይችላል፤ ያኔ ቶርኖ ቤት ቦኮላ ያስቀርጹለታል።

የማርሽ ሳጥኑ መንጠባጠብ ከሁሉ የቀለለው ችግርዎ ሳይሆን አይቀርም። በውስጡ ጠመዝማዛ ማርሽ አንድ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ የተሠራ ክብ ማርሽ ያዞራል፤ ዘይቱ ሳጥኑን ግማሽ ያህል ብቻ መሙላት አለበት። አንዳንድ ሰው እስከ አፉ ይሞላውና ዘይቱ በክዳኑ በኩል ይወጣል። ክዳኑን ከፍተው አሮጌውን ዘይት ነጭ ሳህን ላይ ያፍስሱት። እንደ ወርቅ ቀለም የሚያበራ ልም ብናኝ ካዩ የነሐሱ የተለመደ ልመት ነው፤ በጥፍር የሚያዝ ፍንካች ካዩ ግን ክብ ማርሹ እያለቀ ነው። ሳጥኑን አጥበው የክዳኑን አሮጌ ማሸጊያ ይፋቁና አዲስ ከወፍራም ወረቀት ቆርጠው ያድርጉለት፤ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ይሙሉበት። ለዲፈረንሺያል የሚሸጡ አንዳንድ ዘይቶች ውስጥ ያለው ሰልፈር ያለበት ቅመም ነሐስን ስለሚበላ፣ በዕቃው ላይ ለነሐስና ለናስ እንደሚስማማ የተጻፈበትን ይምረጡ። ከክዳኑ ሳይሆን ከሻፍቱ ዙሪያ የሚንጠባጠብ ከሆነ የዘይት ማገጃው ጎማ አልቋል፤ ውስጡንና ውጭውን ለክተው መተካት ይቻላል።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ማሽን በራሱ ይነሳል። እርስዎ ምላጩን ለማየት ጎንበስ ባሉበት ሰዓት መብራት ቢመጣስ? ኃይል ሲቋረጥ ራሱን የሚያጠፋና አረንጓዴው ካልተጫነ የማይነሳ ማስነሻ ያስገጥሙለት፤ የኧርዙንም መስመር አብረው ያስፈትሹ።

ይህን ሁሉ ሲጨርሱ ከዚያው ከ50 ሚሊ ሜትር ድፍን ብረት ወደ አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ እንደ ዳቦ ቁራሽ ቀጭን አድርገው ይቁረጡ። ከዚያ በፊት የብረቱ ጫፍ በዚሁ ማሽን መቆረጡን እርግጠኛ ይሁኑ። ብረቱን ሳያዞሩ ሁለት ጊዜ የቆረጡት ቁራጭ ግን የማሽኑን ጥመት ይደብቃል፣ ሁለቱም ፊቶች በእኩል ስለሚጣመሙ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቁርጥ በኋላ ብረቱን በቁመቱ ላይ ግማሽ ዙር ገልብጠው እንደገና ሞርሳው ላይ ይሰሩትና ሁለተኛውን ቁርጥ ይቁረጡ። አሁን ጥመቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል። አራቱን ማዕዘኖች በካሊፐር ይለኩ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ እውነተኛው ጥመት የዚያ ግማሽ ስለሆነ፣ ትክክለኛነቱ ለበርና ለመስኮት ከሚፈለገው በላይ ነው፣ ቁልፉን አስቀምጠው ወደ ሥራዎ ይመለሱ። ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካለፈና ከላይ ወደ ታች ከሆነ፣ የጭንቅላቱን ጫፍ ይዘው ወደ ጎን ይወዝውዙት፤ ማጠፊያው ላይ ክፍተት ካለ በሁለቱ ጎን ቀጭን ሮንዴላ ገብቶ ክፍተቱ ከጠፋ በኋላ የመሪዎቹን የስኳድራ ልኬት ከመጀመሪያው መድገም ይኖርብዎታል።